የምርጫ ክልል ወሰንና የምርጫ ፍትሐዊነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ምርጫ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ድምፅ መስጫው ቀን ነው። ኮሮጆው ታሽጓል? ታዛቢ ነበር? ቆጠራው ትክክል ነው? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ ቀን ዓመታት ቀደም ብሎ ግን አንድ ሥራ ተሠርቶ ያልቃል። የምርጫ ክልሎች ካርታ ይሰመራል። ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ከታች ያሉት ምሳሌዎች በብዛት የአሜሪካ ናቸው። ጉዳዩ እዚያ ገንኖ ይታያል፤ ብዙ ወገኖቻችንም እዚያው ይኖራሉ። ስለ ኢትዮጵያና ስለ እስራኤልም ተጠይቆ ተመልሷል። «ዓ.ም.» የሚል ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅ በትክክል ከተቆጠረ፣ ወሰኑ የትም ቢሰመር ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ ለውጥ ያመጣል። በትንሽ ቁጥር እንየው።

25 መራጮች ያሉባት አንዲት ሰፈር አለች እንበል። 15ቱ ምልክቱ ጀበና የሆነውን ፓርቲ ይደግፋሉ። 10ሩ ደግሞ ምልክቱ ሞሰብ የሆነውን። ሰፈሯ በ5 የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ ክልል 5 መራጭ ይይዛል። በየክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው አንዱን መቀመጫ ይወስዳል።

መጀመሪያ በእያንዳንዱ ክልል 3 ጀበናና 2 ሞሰብ እንዲኖር ያስምሩት። ውጤቱ 5 ለ 0 ነው። ጀበና ሁሉንም ጠቀለለ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ጀበናዎቹን ለብቻቸው በ3 ክልሎች፣ ሞሰቦቹን ለብቻቸው በ2 ክልሎች ያድርጓቸው። 3 ለ 2 ይሆናል። ይህ ከሕዝቡ አሰላለፍ ጋር ልክ ይገጥማል።

ጉዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። በ3 ክልሎች ውስጥ 3 ሞሰብና 2 ጀበና ያስቀምጡ። የቀሩትን 9 ጀበናዎችና 1 ሞሰብ በሁለቱ ክልሎች ውስጥ ያጭቋቸው። ሞሰብ በ10 ሰው ብቻ 3 መቀመጫ ይወስዳል። 15 ደጋፊ ያለው ጀበና 2 ይዞ ይቀራል።

ማንም ድምፅ አልሰረቀም። ሰዎቹም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ቆጠራው ቢደገም ያው ነው። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ታዛቢ ቢመጣም «ምርጫው ንጹህ ነበር» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ጉዳቱ በድምፅ መስጫው ቀን አይታይም።

ታዲያ ለምን አንዴ ተሰምሮ አይተውም?

ሰው ስለሚንቀሳቀስ ነው። ካርታው ባለበት ከቆመ ባዶ መንደር እንደ ከተማ ይወከላል።

በእንግሊዝ ኦልድ ሳረም የምትባል ነዋሪ የሌላት ሊባል የሚችል ጉብታ እስከ 1832 ድረስ 2 የፓርላማ አባላት ትልክ ነበር። በዚያው ጊዜ በፋብሪካ ሠራተኞች የተጨናነቀችው ማንቸስተር የራሷ የሚባል አንድም ተወካይ አልነበራትም። አሜሪካም ከዚህ ነጻ አልነበረችም። የቴነሲ ግዛት ምክር ቤት ከ1901 ጀምሮ ለስድሳ ዓመት ያህል የመቀመጫ ድልድሉን አልነካም። በዚያ መሃል ከተሞቹ አበጡ፤ የገጠር ተመራጮች ግን ወንበራቸውን ይዘው ቆዩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1962 «ይህንን መዳኘት እንችላለን» አለ። በ1964 ደግሞ ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል መሆን አለባቸው ብሎ ወሰነ።

ዛሬ በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። የተወካዮች ምክር ቤቱ 435 መቀመጫዎች ለግዛቶች እንደገና ይደለደላሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ካርታ ያሰምራል። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚያሰምረው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ማለትም በካርታው የሚጠቀሙት ፖለቲከኞች ራሳቸው ናቸው።

«ጄሪማንደሪንግ» የሚባለው ምንድን ነው?

ወሰንን ሆን ብሎ አንድ ወገንን በሚጠቅም መንገድ ማስመር ነው። ስያሜው ከማሳቹሴትስ ገዥ ከኤልብሪጅ ጄሪ የመጣ ነው። በ1812 የፈረመው ሕግ ለፓርቲው የሚያደላ ካርታ አወጣ። ከክልሎቹ አንዱ ተጠማዞ ሳላማንደር የተባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ ይመስል ነበር። አንድ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሳለው፤ የገዥውንም ስም ለጠፈበት።

ካርታው ሠርቷል። በዚያ ዓመት የግዛቱ ሴኔት ምርጫ የጄሪ ፓርቲ 50,164 ድምፅ አግኝቶ 29 መቀመጫ ወሰደ። ተቃዋሚዎቹ ፌዴራሊስቶች 51,766 አግኝተው 11 ብቻ ደረሳቸው። ጄሪ ራሱ ግን በዚያው ዓመት ከገዥነቱ ወረደ። የገዥ ምርጫ መላው ግዛት በአንድ ላይ የሚመርጥበት ስለሆነ ወሰን አላዳነውም።

በተግባር እንዴት ነው የሚሠራው?

ዘዴዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው መበተን ነው፦ የተቃራኒውን ወገን ደጋፊዎች በብዙ ክልሎች ቆራርሶ በየትኛውም ቦታ አብላጫ እንዳይሆኑ ማድረግ። ሁለተኛው ማጨቅ ነው፦ በጥቂት ክልሎች ሰብስቦ እዚያ በ80 እና በ90 በመቶ እንዲያሸንፉ መተው። ለማሸነፍ ግማሽ ሲደመር አንድ ይበቃ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ሌላ ቦታ የሚረዳው የለም።

ይህን ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ከአሜሪካ ውጭ ያለ ነው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ዴሪ የምትባል ከተማ አለች። አንዳንዶች ሎንዶንዴሪ ይሏታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለከተማዋ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት ከሚችሉት 14,429ኙ ካቶሊኮች ነበሩ። ሌሎቹ፣ በአብዛኛው ፕሮቴስታንቶች፣ 8,781 ነበሩ። ምክር ቤቱ 20 ወንበር አለው። በዚህ ስሌት ካቶሊኮቹ 12 ወይም 13 ወንበር ይጠብቃሉ።

ያገኙት 8 ነው። ከተማዋ በሦስት ቀጠና ተከፍላ ነበር። በደቡቡ ቀጠና 10,047 ካቶሊኮችና 1,138 ሌሎች ታጨቁ፤ ለዚህ ሁሉ ሰው 8 ወንበር ተሰጠ። በሰሜኑ ቀጠና 2,530 ካቶሊኮችና 3,946 ሌሎች ነበሩ፤ እዚያም 8 ወንበር። ዋተርሳይድ በሚባለው 1,852 እና 3,697 ነበሩ፤ 4 ወንበር። ሁለቱን ትናንሽ ቀጠናዎች ያሸነፈው ወገን 12 ወንበር ይዞ ከተማዋን ገዛ።

ጉዳዩ የወንበር ብቻ አልነበረም። ምክር ቤቱ የሕዝብ ቤት ያከፋፍላል፤ ሥራ ይቀጥራል። የሕዝብ ቤት ማደል ደግሞ ድምፅ ማደል ነበር፤ በከተማ ምርጫ የሚመርጡት ቤት ወይም ንብረት በስማቸው የያዙ ሰዎችና የትዳር አጋሮቻቸው ነበሩና። ስለዚህ ለካቶሊኮች ቤት ቢሠራ እንኳ እዚያው በደቡቡ ቀጠና እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ሌላ ቀጠና ቢገቡ ሚዛኑ ይናጋል። ሰዎች በጠባብ ክፍሎች ተደራርበው ኖሩ። ኦክቶበር 5 ቀን 1968 በዚያች ከተማ የወጣው የሲቪል መብት ሰልፍ በፖሊስ ዱላ ተበተነ። ብዙዎች የሰሜን አየርላንድን የሠላሳ ዓመት ግጭት ከዚያ ቀን ይጀምሩታል። ምክር ቤቱ በ1969 ፈረሰ። በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር የሰውን ማደሪያ እስከ መወሰን ይደርሳል።

ይህን የሚያደርገው አንዱ ፓርቲ ብቻ ነው?

አይደለም። በአሜሪካ ሁለቱም ያደርጉታል፤ ዕድሉን ባገኙበት ቦታ ሁሉ።

በሰሜን ካሮላይና በ2016 ሪፐብሊካኑ የግዛት ሕግ አውጪ ዴቪድ ሉዊስ ካርታው 10 ሪፐብሊካንና 3 ዴሞክራት እንዲያስመርጥ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱን ሲናገርም 11 ለ 2 የሚያደርግ ካርታ መሥራት የሚቻል ስላልመሰለው እንደሆነ በይፋ ገለጸ። የግዛቱ ሕዝብ በዚያ ዘመን ለሁለት እኩል የተከፈለ ነበር ማለት ይቻላል።

በሜሪላንድ ደግሞ ተራው የዴሞክራቶች ነበር። በ2011 የግዛቱን 6ኛ ክልል ቀየሩት። በምዕራብ ተራራማው የሪፐብሊካኖች አካባቢ የነበረው ክልል ወደ ሞንጎመሪ ካውንቲ ተዘረጋ፤ ሐበሻ በብዛት ወደሚኖርበት ካውንቲ ማለት ነው። ለ20 ዓመት መቀመጫውን የያዙት ሪፐብሊካኑ ሮስኮ ባርትሌት በ2012 ተሸነፉ። የወቅቱ ገዥ ማርቲን ኦማሊ በኋላ በቃለ መሐላ ሲጠየቁ፣ ዓላማቸው ዴሞክራት የመመረጥ ዕድሉ የሚሰፋበት ክልል መፍጠር እንደነበር አልካዱም።

ይህን የማነሳው «ሁሉም ያው ነው» ለማለት አይደለም። የምንደግፈው ፓርቲ ሲያደርገው ዝም የምንል ከሆነ ሌላኛው ሲያደርገው የምንናገርበት አፍ አይኖረንም።

ፍርድ ቤት ለምን አያስቆመውም?

የሁለቱ ግዛቶች ክስ ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2019፣ በ5 ለ 4 ድምፅ፣ ለፓርቲ ጥቅም ሲባል የተሰመረ ወሰን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት ጉዳይ አይደለም ብሎ ወሰነ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ ድርጊቱን መልካም ነው አላሉም። ግን «ስንት ሲሆን ነው ከልክ ያለፈ የሚባለው?» ለሚለው ጥያቄ ዳኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ የለም አሉ። ዳኛ ኤሌና ኬገን ጠንካራ የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። መለኪያ አለ። ኮምፒውተር የግዛቱን ሕግ አክብሮ በሺህ የሚቆጠሩ ካርታዎችን ያለ አድልዎ ያወጣል። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ካርታ በውጤቱ ከእነዚያ ሁሉ ከተለየ፣ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የግዛት ፍርድ ቤቶች የግዛታቸውን ሕገ መንግሥት ይዘው መዳኘት ይችላሉ። በፔንሲልቬንያ በ2012 ዴሞክራቶች በድምፅ በጥቂቱ በልጠው ከ18 መቀመጫ ያገኙት 5 ብቻ ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ካርታውን ሻረው፤ በአዲሱ ካርታ በዚያው ዓመት ውጤቱ 9 ለ 9 ሆነ።

ዊስኮንሲንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ2018 ዴሞክራቶች ለግዛቱ ምክር ቤት ከተሰጠው ድምፅ 53 በመቶ ገደማ አግኝተው ከ99 ወንበር 36 ብቻ ያዙ። ካርታው ከተቀየረ በኋላ በ2024 ሪፐብሊካኖች አብላጫውን እንደያዙ ቆዩ፤ ዴሞክራቶች ግን ወደ 45 ከፍ አሉ። ይህኛው ውጤት ደስ ይለኛል። ፍትሐዊ ካርታ ማለት የምንወደው ፓርቲ የሚያሸንፍበት ካርታ ማለት አይደለም።

የዘር ጉዳይስ?

በዘር ላይ የተመሠረተ ወሰን ሌላ ሕግ አለው። የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ የጥቁሮችንና የሌሎች አናሳዎችን ድምፅ የሚያዳክም አሠራርን ለመከልከል የወጣ ነው። ለምሳሌ አላባማ ውስጥ ከሕዝቡ ሩብ የሚበልጠው ጥቁር ነው። ከ7 የኮንግረስ ክልሎች ግን ጥቁሮች የሚፈልጉትን ሰው ማስመረጥ የሚችሉት በ1 ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በ5 ለ 4 ለከሳሾቹ ፈረደ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሌላ ካርታ ወጣ፤ በ2024 ሾማሪ ፊገርስ ከተስተካከለው ክልል ተመረጠ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። የዘርን ስብጥር አይቶ ማስመር ምን ያህል ይፈቀዳል የሚለው ቢያንስ ከ1993 ጀምሮ ሲያከራክር የቆየ ነው። አንዳንድ ዳኞች ወሰን ሲሰመር ዘር ጭራሽ መታየት የለበትም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሆን ተብሎ የተበተነን ሕዝብ ዘሩን ሳያዩ እንዴት መጠበቅ ይቻላል ይላሉ። የአሜሪካ ጥቁሮች ድምፅ ለማግኘት የከፈሉትን ዋጋ ለሚያውቅ የሁለተኞቹ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ካርታው ጠማማ ከሆነ ተንኮል አለው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። በቺካጎ የኢሊኖይ 4ኛ ክልል ለብዙ ዓመት የጆሮ ማዳመጫ ይመስል ነበር። ሁለት ሰፊ ቦታዎች በቀጭን መስመር ተያይዘው። ሲያዩት ያስቃል። የተሠራው ግን በሰሜንና በደቡብ የተለያዩ ሁለት የላቲኖ ሰፈሮችን አገናኝቶ አንድ ተወካይ እንዲኖራቸው ነው። መሃላቸው ያለው የጥቁሮች ክልልም እንዳይሸራረፍ ተብሎ በጎን ዞረ።

በተቃራኒው ካርታው ቀጥ ያለና ንጹህ ሆኖ ውጤቱ የተዛባ ሊሆን ይችላል። በማሳቹሴትስ ከመራጩ ሲሶ ያህሉ ለሪፐብሊካን ይመርጣል። ሆኖም ከ1996ቱ ምርጫ ጀምሮ ከግዛቱ አንድም ሪፐብሊካን ለተወካዮች ምክር ቤት አልተመረጠም። ይህ የካርታ ተንኮል ብቻ አይደለም። ደጋፊዎቹ በየቦታው ተረጭተው ስለሚኖሩ የትም አብላጫ አይሆኑም። የሰፈራችን አቀማመጥ ራሱ ያዳላል። አንድ ክልል አንድ ሰው ብቻ በሚያስመርጥበት ሥርዓት ውስጥ ይህን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ ካርታ ሲያዩ ስለ ቅርጹ ሳይሆን ማን እንዳሰመረውና ለምን እንዳሰመረው ይጠይቁ።

ገለልተኛ ኮሚሽን ቢያሰምረው አይሻልም?

ይሻላል። ይህ የእኔ አቋም ነው። ተወዳዳሪ የራሱን ወሰን ማስመር የለበትም።

ካሊፎርኒያ በ2008 እና በ2010 በተደረጉ ሕዝበ ውሳኔዎች ይህን ሥራ ከምክር ቤቱ ወስዳ ለ14 ዜጎች ሰጠች፦ 5 ዴሞክራት፣ 5 ሪፐብሊካን፣ 4 ከሁለቱም ያልሆኑ። ሚሺጋን በ2018 ተከተለች፤ 13 አባላት አሏት። እዚያ በአዲሱ ካርታ በ2022 ዴሞክራቶች ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። ብሪታንያም ሥራውን ከፖለቲከኞች እጅ ያወጣችው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። አሁን ባለው ካርታ፣ ከጥቂት ደሴቶች በቀር፣ እያንዳንዱ ክልል ከ69,724 እስከ 77,062 መራጭ እንዲይዝ ተደርጓል።

ግን ኮሚሽን የተባለ ሁሉ ኮሚሽን አይደለም። ቨርጂንያ በ2020 በሕዝበ ውሳኔ አቋቁማ ነበር። ከ16 አባላቱ 8ቱ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። በ2021 ለሁለት ተከፍለው ተፋጠጡ፤ ሥራው በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እጅ ወደቀ። አባላቱ እነማን እንደሆኑ፣ ሳይስማሙ ሲቀሩስ ማን እንደሚወስን አስቀድሞ ካልተጻፈ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ከዚህ የባሰው በ2025 መጣ። ቴክሳስ አዲስ የሕዝብ ቆጠራ ሳይኖር፣ በአሥር ዓመቱ መሃል፣ ሪፐብሊካኖች 5 ተጨማሪ መቀመጫ እንዲያገኙ ካርታዋን ቀየረች። ዴሞክራት የምክር ቤት አባላት ምልዓተ ጉባኤ ለማሳጣት ግዛቱን ለቀው እስከ መውጣት ደረሱ። ካሊፎርኒያ በኖቬምበር 2025 በሕዝበ ውሳኔ ምላሽ ሰጠች፤ የኮሚሽኑን የኮንግረስ ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን ትታ ለዴሞክራቶች የሚጠቅም ካርታ ተቀበለች። «እነሱ ከጀመሩ ምን እናድርግ?» የሚለው ክርክር ይገባኛል። ቢሆንም አሳዝኖኛል። በካሊፎርኒያ ያለ ሪፐብሊካን መራጭና በቴክሳስ ያለ ዴሞክራት መራጭ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጎዱ፤ አንዱ የሌላውን ጉዳት አላካካሰለትም። ለዚህ መፍትሔው ሁሉንም ግዛቶች በአንድ ጊዜ የሚያስር የፌዴራል ሕግ ይመስለኛል።

የአሜሪካ ዜግነት የለኝም። እኔን ምን ይመለከተኛል?

በቀጥታ ይመለከትዎታል። የኮንግረስ መቀመጫ ለግዛቶች የሚደለደለው በዜጎች ቁጥር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የሚቆጥረው ነዋሪውን በሙሉ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ፣ ሕፃን፣ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለግዛት ምክር ቤቶችም ቴክሳስ ሕዝቡን በሙሉ ቆጥራ ማስመሯን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ተቀብሎታል።

ስለዚህ ሳይቆጠሩ ሲቀሩ ሰፈርዎ አንሶ ይታያል። በ2020ው የቆጠራ ቅጽ ላይ «ጥቁር» በሚለው ሥር የመጡበትን አገር የሚጽፉበት ቦታ ነበር፤ በምሳሌነት ከተጠቀሱት መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ይገኝበታል። ስንቶቻችን ጻፍነው? ወሰን የሚያሰምሩ ሰዎች አንድ ማኅበረሰብ የት እንዳለ የሚያዩት በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ነው።

እስራኤል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ክርክር ለምን አንሰማም?

የሚሰመር ወሰን ስለሌለ። መላው አገሪቱ አንድ የምርጫ ክልል ናት። መራጩ ለፓርቲ ዝርዝር ድምፅ ይሰጣል፤ 120ዎቹ የክኔሴት፣ ማለትም የአገሪቱ ምክር ቤት፣ መቀመጫዎች ቢያንስ 3.25 በመቶ ላገኙ ፓርቲዎች በድምፃቸው ልክ ይከፋፈላሉ።

ጄሪማንደሪንግ እዚያ ቦታ የለውም። ዋጋው ግን ሌላ ነው። የኪርያት ማላኪ ወይም የነታንያ ቤተ እስራኤላዊ «የእኔ ሰፈር ተወካይ» ብሎ የሚደውልለት የክኔሴት አባል የለውም። ማኅበረሰቡ የሚወከለው ፓርቲዎች ሰው በዝርዝራቸው ላይ ከፍ አድርገው ካስቀመጡ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ወሰን የሚያሰምረው ማን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የቆጠራውን ውጤት ይዞ የምርጫ ክልሎችን ረቂቅ ያዘጋጃል፤ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከእነዚህም አናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ እንዲኖራቸው ይላል። አሁን ያለው ድልድል 547 መቀመጫ ነው። በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሽ መድረስ አይጠበቅበትም።

ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታስቦ በተደጋጋሚ ተራዘመ። በ1999ኙ ቆጠራ አገሪቱ 73.7 ሚሊዮን ገደማ፣ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። ሲካፈል በአገር ደረጃ ለአንድ መቀመጫ 135 ሺህ ያህል ሰው ይደርሳል። 23 መቀመጫ ላላት አዲስ አበባ 119 ሺህ ያህል። ያኔ ከተማዋ እንዲያውም በጥቂቱ ተጠቃሚ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ኮንዶሚኒየም ተሠራ? ስንት ሰው ከመሃል ከተማ ወደ ዳር ወጣ? ስንት ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ? ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ ምን ያህል ሰፉ? ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ አዲስ ቆጠራ አልነበረም። እንዲህ ሲሆን ወሰኑን ማንም ሆን ብሎ ሳይነካው ይዛባል፤ ቴነሲ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። በከተማዋ ለሌላ ፓርቲ ድምፅ የሰጠ ሰው ግን ነበር። ያኔ ደስ ያለው ሰው ብዙ ነው። ያው ሥርዓት በኋላ ለገዥው ፓርቲ ምክር ቤቱን ጠቅልሎ ሲሰጥ የከፋውም ብዙ ነው። ተመጣጣኝ ውክልና ይሻላል የሚሉ ፓርቲዎች ከዚህ ተነሥተው ነው የሚከራከሩት፤ ክርክሩም ሊደመጥ የሚገባው ይመስለኛል።

ሐረሪ ክልል ደግሞ የተለየ መንገድ አለው። ከክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔረሰብ ጉባኤ ናቸው። የሚመርጧቸው ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ይህን አልቀበልም ብሎ ነበር፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ለሐረሪዎቹ ወሰነ። እዚህ ላይ የምርጫ ክልሉ መሬት ሳይሆን ሕዝብ ነው። ለአናሳ ሕዝብ ጥበቃ ይሆናል። በሌላ በኩል በዚያው ክልል የሚኖረው ሌላው ብዙኃን ነዋሪ በእነዚያ 14 ወንበሮች ላይ ድምፅ የለውም። ሁለቱም ወገን የሚያነሣው ፍትሕን ነው፤ ቀላል መልስ ያለው አይመስለኝም።

በኢትዮጵያ የምርጫ ችግር ሁሉ ከወሰን የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። ጸጥታው፣ የተቃዋሚዎች መንቀሳቀሻ፣ የመገናኛ ብዙኃን ነጻነት አሉ። ቆጠራና ወሰን ግን ከምርጫ ዘመቻ ግለት ውጭ፣ በተረጋጋ ጊዜ፣ በባለሙያ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። በምርጫው ዋዜማ ሲነሡ ሁሉም በጥርጣሬ ያያቸዋል።

እኔ እንደ ግለሰብ ምን ማድረግ እችላለሁ?

አሜሪካ ከሆኑ፣ ከኮንግረስ በፊት ካውንቲዎንና ከተማዎን ይመልከቱ። ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2020 በሕዝበ ውሳኔ የምክር ቤቱን ክልሎች ከ5 ወደ 7 አሳደገ። ከዚያ በኋላ አዲስ ካርታ ተሰመረ፤ ሕዝብም አስተያየት እንዲሰጥ ተጠየቀ። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ቃል ይሰማል።

ሲሄዱ «ፍትሐዊ ካርታ እንፈልጋለን» ብቻ ብለው አይመለሱ። ብዙ ግዛቶች የጋራ ጥቅም ያለውን ማኅበረሰብ አለመከፋፈልን እንደ መስፈርት ይቆጥራሉ። ማኅበረሰቡ የት እንዳለ ግን የሚነግራቸው ያስፈልጋል። የትኛው መንገድ ከየት እስከ የት? ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ የት ናቸው? ልጆቹ የትኛው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ? ሱቆቹ የት ተሰባሰቡ? አውቶቡሱ የቱ ነው? ይህን በካርታ ላይ አስምረው በጽሑፍ ያስገቡ። ማኅበር ወይም ዕድር ካለ በማኅበሩ ስም ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል።

የሚቀጥለው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ2030 ነው። መደበኛው የወሰን ክለሳ በ2031 ይጀምራል። ካርታውን የሚያሰምሩትን የግዛት ምክር ቤት አባላት ብዙዎቹን የምንመርጠው ግን ከዚያ በፊት ነው። እነዚያ ምርጫዎች የፕሬዚዳንት ምርጫን ያህል አይወራላቸውም፤ መራጩም ያንሳል። ተወዳዳሪዎቹ በርዎን ሲያንኳኩ «ካርታውን ማን ያሰምር ይላሉ?» ብለው ይጠይቋቸው።